የቀለሙ ክር የተበተነበት ፍጥነት፦ ኦስቦርን ሬይኖልድስና የማንችስተር 37 ዓመታቱ

በፈሳሾች መካኒክስ ትምህርት ውስጥ ያለፈና የኦስቦርን ሬይኖልድስን ስም ያልሰማ የሜካኒካል ምህንድስና ተማሪ አይገኝም። ስሙ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ቁጥር ጋር ብቻ ተያይዞ ይቀራል። ተማሪው በቤተ ሙከራ ውስጥ በመስታወት ቱቦ ለሚፈስ ውኃ ቀለም ይጨምራል፤ የቀለሙ ክር በየትኛው ፍጥነት እንደሚበተን ይመለከታል፤ ከዚያም በሪፖርቱ ላይ ወሳኙ የሬይኖልድስ ቁጥር 2,300 እንደሆነ ይጽፋል። በዓይኑ ያየው ለውጥ የተከሰተው በ3,500 ወይም በ6,000 ቢሆንም እንኳ ልዩነቱን በመለኪያ ስሕተት ሥር መዝግቦ ያልፋል።

ይህ ልማድ ሁለት ነገሮችን ይሸፍናል። ሬይኖልድስ ያገኘው አንድ ቁጥር ሳይሆን እጅግ የተራራቁ ሁለት ቁጥሮችን ነው፤ ለምን እንደተራራቁም ምክንያቱን አመልክቷል። በተጨማሪም ወደዚያ ውጤት ያደረሰው ከወርክሾፕ ወደ ሒሳብ፣ ከሒሳብ ተመልሶ ወደ ወርክሾፕ የተመላለሰ የምሁርነት ሕይወት ነው። የሙከራው ትርጉም ከዚህ ሕይወት ተነጥሎ ሲቀርብ ጎደሎ ይሆናል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሬይኖልድስ በ1842 በቤልፋስት ተወለደ፤ ያደገው ግን በእንግሊዝ፣ በኤሴክስ ግዛት በምትገኘው በዴድሃም ነው። አባቱ የአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ካህንና የትምህርት ቤት ኃላፊ ሲሆን፣ በካምብሪጅ ሒሳብ የተማረና የእርሻ መሣሪያዎችን በማሻሻል የፈጠራ መብት እስከ ማውጣት የደረሰ ሰው ነበር። ልጁ ገና ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ፣ በ1861፣ ስቶኒ ስትራትፎርድ በምትባል ከተማ የእንፋሎት ጀልባ በሚሠራው በኤድዋርድ ሄይስ ወርክሾፕ ተለማማጅ ሆነ። በእጁ የሚሠራቸው ብዙ ነገሮች ያለ ሒሳብ ሊብራሩለት እንደማይችሉ የተረዳው እዚያ ነው። ወደ ካምብሪጅ ክዊንስ ኮሌጅ የሄደውም ይህን ክፍተት ለመሙላት ነበር። በ1867 በሒሳብ ፈተና ሰባተኛ ደረጃ ይዞ ተመረቀ። ቅደም ተከተሉ ልብ ሊባል ይገባል፦ ጥያቄው ቀድሞ ነበር፤ ሒሳቡ የመጣው ጥያቄውን ተከትሎ ነው።

ለአንድ ዓመት ያህል ለንደን ውስጥ በሲቪል ምህንድስና ከሠራ በኋላ፣ በ1868 በማንችስተር ኦወንስ ኮሌጅ የምህንድስና ፕሮፌሰር ሆኖ ተሾመ። ዕድሜው 25 ነበር። በዚያ ዘመን የምህንድስና ፕሮፌሰርነት በእንግሊዝ አገር ገና እንግዳ ነገር ነው፤ ብዙዎቹ ባለሙያዎች መሐንዲስ የሚፈጠረው በወርክሾፕ እንጂ በመማሪያ ክፍል አይደለም ብለው ያምኑ ነበር። ወንበሩን ለማቋቋም ገንዘብ ያዋጡት የማንችስተር የኢንዱስትሪ ባለቤቶች ናቸው። ሬይኖልድስ በዚሁ ወንበር ላይ ለ37 ዓመታት ቆየ፤ ኮሌጁም በዚያው ጊዜ ውስጥ ወደ ዩኒቨርሲቲነት አደገ።

በአስተማሪነቱ ቀላል ሰው አልነበረም። ኋላ ኤሌክትሮንን ያገኘው ጄ. ጄ. ቶምሰን መሐንዲስ ለመሆን አስቦ በ14 ዓመቱ ወደ ኦወንስ ኮሌጅ የገባ ተማሪ ነበር። በሸመገለ ጊዜ በጻፈው ማስታወሻ ሬይኖልድስን የሚገልጸው እጅግ በራሱ መንገድ የሚያስብ፣ ትምህርቱን ለመከታተል ግን የሚያስቸግር መምህር አድርጎ ነው። ሬይኖልድስ አንድ አዲስ ችግር ሲገጥመው ሌሎች ስለ ጉዳዩ የጻፉትን አስቀድሞ አያነብም፤ በመጀመሪያ ከሥሩ ጀምሮ ራሱ ያወጣዋል፤ ከዚያ በኋላ ወደ መጻሕፍት ይሄዳል። ዛሬ ይህን መንገድ ለድኅረ ምረቃ ተማሪ መምከር አስቸጋሪ ነው፤ የቀደሙ ሥራዎችን ሳይዳስስ የሚጀምር የምርምር ዕቅድ ከኮሚቴ አያልፍም። የሬይኖልድስ ጽሑፎች ለአንባቢ የሚከብዱትም በከፊል በዚሁ ልማዱ ምክንያት ነው፤ ቃላቱና ምልክቶቹ የራሱ ናቸው። ነገር ግን ሌሎች የተዉትን ነገር እንዲያይ ያስቻለውም ይኸው ልማድ መሆኑ አይካድም።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሥራዎቹ የተበታተኑ ይመስላሉ። ስለ ጅራታም ኮከቦች፣ ስለ መርከብ ውልብልቢት፣ ስለ ድምፅ መታጠፍ፣ ዝናብ የባሕርን ማዕበል ስለሚያበርድበት ምክንያት ጽፏል። በ1874 የእንፋሎት ቦይለር ግድግዳ ሙቀትን ወደ ውኃው እንዴት እንደሚያስተላልፍ ሲመረምር፣ ሙቀትን የሚያጓጉዘውና የሰበቃ ኃይልን የሚፈጥረው የፈሳሹ እንቅስቃሴ አንድ መሆኑን አስተዋለ፤ ዛሬ የሬይኖልድስ ተመሳስሎ የሚባለው ይህ ነው። የዝናብ ጠብታ ውኃ ውስጥ ሲገባ የሚፈጥረውን የአዙሪት ቀለበት ለማየት ውኃውን በቀለም ያቀልም ነበር። ፈሳሽ ውስጡ ምን እንደሚሠራ ከውጭ ሆኖ መገመት እንደማይቻልና ቀለም ካልተጨመረበት ምስጢሩን እንደማይገልጥ የተማረው በእነዚህ ትናንሽ ጥናቶች ነው።

የ1883ቱ ጥናት የተነሣበትን ችግር ለመረዳት ወደ ሁለት ቀደምት ባለሙያዎች መመለስ ያሻል። ፈረንሳዊው ሐኪም ፑዋዜይ እንደ ፀጉር በቀጠኑ ቱቦዎች ውስጥ ውኃ ሲያስተላልፍ፣ ለፍሰቱ የሚያስፈልገው የግፊት ልዩነት ከፍጥነቱ ጋር እኩል እንደሚያድግ አገኘ፦ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱም እጥፍ ይሆናል። መሐንዲሱ ዳርሲ ደግሞ የከተማ ውኃ በሚያጓጉዙ ትላልቅ ቧንቧዎች ላይ ሲለካ፣ ግፊቱ ከፍጥነቱ ካሬ ጋር ተቀራራቢ በሆነ መንገድ እንደሚያድግ አገኘ፦ ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ግፊቱ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ሁለቱም በጥንቃቄ የለኩ፣ ሁለቱም ትክክል ናቸው። ውኃው አንድ ነው። ታዲያ ከአንዱ ሕግ ወደ ሌላው የሚሸጋገረው የትና ለምን ነው?

ሬይኖልድስ መልሱን በመጀመሪያ የፈለገው በእኩልታዎቹ ቅርጽ ውስጥ ነው። የፈሳሽን እንቅስቃሴ የሚገዙት እኩልታዎች ሁለት ዓይነት ወገኖች አሏቸው፦ አንዱ ፈሳሹ በያዘው ጉዞ የመቀጠል ዝንባሌው ነው፤ ሌላው በዝልግልግነት ምክንያት የሚመጣው ሰበቃ ነው። የሁለቱ ንጽጽር የሚወሰነው በፍጥነቱ፣ በቧንቧው ውስጣዊ ስፋት፣ በፈሳሹ እፍግታና በዝልግልግነቱ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ተባዝተው ለአራተኛው ሲካፈሉ አሃድ የሌለው ቁጥር ይወጣል። የፍሰቱ ጠባይ የሚለወጥበት ነጥብ ካለ፣ ነጥቡ ለፍጥነት ብቻ ወይም ለስፋት ብቻ ሳይሆን ለዚህ ቁጥር መታዘዝ አለበት። ይህ ከሙከራው በፊት የተነገረ ትንበያ ነበር፤ ሙከራው የተሠራው ትንበያውን ለመፈተን ነው።

መሣሪያው ቀላል ነበር። የመስታወት ግድግዳ ባለው ገንዳ ውስጥ ቀጥ ያለ የመስታወት ቱቦ ተጋደመ። የቱቦው አፍ እንደ መለከት ሰፍቶ የሚጀምር ሲሆን፣ ውኃው ሳይደናቀፍ እንዲገባ የታሰበ ነው። የቱቦው ሌላ ጫፍ ከገንዳው ወጥቶ በረጅም እጀታ ወደሚዘወር ቫልቭ ይደርሳል። ውኃው ገንዳው ውስጥ ለሰዓታት እንዲረጋ ይተዋል፤ ከዚያ ቫልቩ በጥቂቱ ይከፈታል፤ ከቱቦው አፍ ፊት ባለ ቀጭን ማስገቢያ በኩል ቀለም ይለቀቃል። በዝቅተኛ ፍጥነት ቀለሙ ከቱቦው ዳር እስከ ዳር እንደተወጠረ ክር ቀጥ ብሎ ይታያል። ፍጥነቱ በጥቂት በጥቂቱ ሲጨምር ክሩ ከአፉ ራቅ ብሎ በአንድ ቦታ ላይ በድንገት ይበተንና ቀሪውን ቱቦ በቀለም ይሞላዋል። ለተራ ዓይን ቀለሙ እንዲሁ የተቀላቀለ ይመስላል፤ ሬይኖልድስ ግን በኤሌክትሪክ ብልጭታ ለቅጽበት ሲያበራው እርስ በርስ የተጠማዘዙ፣ ቅርጻቸው የሚለይ አዙሪቶችን አየ።

ሙከራውን ስፋታቸው በግምት 1 ኢንች፣ ግማሽ ኢንችና ሩብ ኢንች በሆኑ ሦስት ቱቦዎች ደጋገመው። የውኃውንም ሙቀት ለወጠ፤ ይህ ብልህ እርምጃ ነው፤ ምክንያቱም ውኃ ከ20 ወደ 5 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቀዘቅዝ ዝልግልግነቱ በግማሽ ያህል ይጨምራል፤ ስለዚህ ተመራማሪው ፈሳሹን ሳይቀይር ከቀመሩ አንዱን ወገን መቀየር ይችላል። ክሩ የተበተነበት ፍጥነት ከቱቦ ቱቦ ቢለያይም፣ አሃድ አልባው ቁጥር ግን በአንድ ዋጋ አካባቢ ተሰባሰበ። በዛሬው አጻጻፍ ያ ዋጋ 13,000 ገደማ ነው።

2,300 አይደለም፤ 2,000ም አይደለም። ሁለተኛው ቁጥር የመጣው ከሌላ ሙከራ ነው፤ ብዙ የመማሪያ መጻሕፍት ይህን ሙከራ ሳይጠቅሱት ያልፋሉ። ሬይኖልድስ የተረጋጋ ውኃ ሲታወክ መመልከት ብቻውን እንደማይበቃ ተረድቶ ጥያቄውን ገለበጠው፦ አስቀድሞ የታወከ ውኃ መቼ ይረጋጋል? ለዚህ መስታወት አላስፈለገውም። በረጃጅም የእርሳስ ቧንቧዎች ውስጥ ሆን ተብሎ የታወከ ውኃ አስገባ፤ ሁከቱ የሚሞት ከሆነ እንዲሞት ረጅም ርቀት ሰጠው፤ ከዚያም በቧንቧው መጨረሻ አካባቢ በሁለት ነጥቦች መካከል ያለውን የግፊት ልዩነት ለካ። ቁጥሩ ከ2,000 ገደማ በታች ሲሆን የፑዋዜይ ሕግ ይገዛል፤ ከዚያ በላይ፣ ከጥቂት መወዛገብ በኋላ፣ ግፊቱ ከፍጥነቱ 1.723 ኃይል ጋር ያድጋል። የፑዋዜይና የዳርሲ ልኬቶች በአንድ ሠንጠረዥ ላይ ታረቁ።

ከ2,000 በታች የትኛውም ሁከት ይከስማል። ከዚያ በላይ ጉዳዩ በሁከቱ መጠን ይወሰናል፦ ትንሹ ይጠፋል፣ ትልቁ ይስፋፋል። የመግቢያው አፍ በለሰለሰ፣ ውኃው በረጋ፣ ጠረጴዛው ባልተንቀጠቀጠ መጠን ላሚናር ፍሰት ወደ ላይ እየዘለቀ ይሄዳል። ስዊድናዊው ኤክማን በ1910 አካባቢ በዚያው በሬይኖልድስ መሣሪያ ላይ ከ40,000 በላይ ደርሷል። ስለዚህ ላይኛው ቁጥር የፈሳሹ ባሕርይ ሳይሆን የቤተ ሙከራው ባሕርይ ነው፤ 6,000 ያገኘ ተማሪ አልተሳሳተም፤ የራሱን ገንዳ ጸጥታ ለክቷል። እንዲህ ያለ ሪፖርት ዋጋ የሚኖረው ውኃው ስንት ሰዓት እንደረጋ፣ የቱቦው አፍ ምን ቅርጽ እንዳለው፣ ሙቀቱ ስንት እንደሆነ፣ ቫልቩ ወደ መክፈት ወይስ ወደ መዝጋት ሲዞር እንደታየ ሲጻፍበት ነው። ቁጥሩን ከመጽሐፍ ከመገልበጥ ይልቅ ይህን መጻፍ ይበልጣል።

የቁጥሩን መጠን በዕለት ተዕለት ነገር ማየትም ይጠቅማል። ውስጣዊ ስፋቱ 15 ሚሊ ሜትር በሆነ የቤት ቧንቧ ውስጥ፣ በ20 ዲግሪ ሙቀት፣ 2,000 የሚደርሰው ውኃው በደቂቃ 1.4 ሊትር ብቻ ሲፈስ ነው። በዚህ አካሄድ ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ለመሙላት 14 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ጄሪካኑን በሁለት ደቂቃ የሚሞላ ቧንቧ ቁጥሩ 14,000 ገደማ ነው። በሌላ አነጋገር፣ በሠለጠነ ኑሮ ውስጥ በቧንቧ የሚያልፈው ውኃ በአብዛኛው ተርቡለንት ነው፤ ለመሐንዲሱ ልዩ ሁኔታ የሚሆንበት ላሚናሩ ነው።

በዚሁ በ1883 ሌላ ጥያቄ ከወርክሾፕ መጣ። ቦሻምፕ ታወር የተባለ መሐንዲስ ለብሪታንያ የሜካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር የባቡር አክሰል ኩሽኔታዎችን ሰበቃ ይለካ ነበር። በኩሽኔታው አናት ላይ ለዘይት ማጠጫ ቀዳዳ ሲበሳ፣ ዘይቱ ወደ ውስጥ በመውረድ ፈንታ ወደ ላይ እየወጣ ፈሰሰ፤ ቀዳዳውን በቡሽና በእንጨት ቢወትፈውም ውታፉ ተገፍቶ ወጣ። የግፊት መለኪያ ሲገጠምበት በዘይቱ ውስጥ ያለው ግፊት ከኩሽኔታው አማካይ ጭነት እጅግ የላቀ ሆኖ ተገኘ። ሬይኖልድስ ይህን አንብቦ በ1886 ማብራሪያውን አወጣ፦ ዘንጉ በኩሽኔታው መሐል ተስተካክሎ አይቀመጥም፤ ትንሽ ወደ ጎን ይላል፤ ስለዚህ በመካከላቸው ያለው የዘይት ሽፋን እንደ ሽብልቅ እየጠበበ ይሄዳል፤ የሚዞረው ዘንግ ዘይቱን ወደ ጠባቡ በኩል እየጎተተ ግፊት ይፈጥራል፤ ብረቱም ብረቱን ሳይነካ በዘይት ላይ ይንሳፈፋል። ከዚህ የወጣው እኩልታ ዛሬም የኩሽኔታ ንድፍ መነሻ ነው። ቅባት ብረትን የሚያለሰልስ ነገር ብቻ ነው የሚለው አስተሳሰብ ያበቃው እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ጋራዥ ውስጥ ግን አሁንም ይሰማል።

የሬይኖልድስ ጽሑፎች ወደ ኅትመት የሄዱበት መንገድ ለዛሬ ተመራማሪ ሌላ ትምህርት አለው። የ1883ቱን ጽሑፍ ለሮያል ሶሳይቲ የገመገሙት ስቶክስና ሬይሊ ናቸው፤ ሁለቱም በደስታ ተቀበሉት። የ1895ቱ ግን እንዲህ ቀላል አልነበረም። በዚያ ጽሑፍ ሬይኖልድስ በተርቡለንት ፍሰት ውስጥ ያለውን ፍጥነት ለሁለት ከፈለው፦ አማካዩ ፍጥነትና ከአማካዩ የሚዋዥቀው ክፍል። እኩልታዎቹን በአማካይ ሲወስዳቸው መዋዠቁ አልጠፋም፤ የተዋዠቁት ፍጥነቶች እርስ በርስ ተባዝተው እንደ አዲስ ጫና ሆነው ተመለሱ። ስቶክስ ሐሳቡ ትክክል ስለመሆኑ እርግጠኛ መሆን አልቻለም፤ ሆኖም የጸሐፊውን የቀደመ ሥራ አስቦ እንዲታተም መከረ። በማንችስተር የሒሳብ ባልደረባው የነበረው ሆራስ ላም ደግሞ የጽሑፉ ትልቅ ክፍል እንዳልተብራራ ጠቁሞ ተሻሽሎ እንዲታተም አሳሰበ። በዘመኑ ስለ ፈሳሾች ከማንም በላይ የሚያውቁ ሁለት ገምጋሚዎች ጽሑፉን በሙሉ ልብ ሳይቀበሉት አሳለፉት። ቢከለክሉት ኖሮ የኅትመት ሕግ አልጣሱም ነበር። ያሳለፉት ጽሑፍ ግን የዛሬው የፍሰት ስሌት ሶፍትዌር አብዛኛው የቆመበት መሠረት ሆነ።

ግምገማ ሁልጊዜ በጎ ፊቱን አላሳየውም። በ1879 ሬይኖልድስ ጋዝ በተቦረቦረ ግድግዳ ውስጥ በሙቀት ልዩነት ብቻ እንደሚያልፍ በሙከራ ያሳየበትን ጽሑፍ ከገመገሙት አንዱ ማክስዌል ነበር። ማክስዌል በዚያው ጉዳይ የራሱን ጽሑፍ ሲያወጣ፣ ገና ያልታተመውን የሬይኖልድስን ሥራ ጠቅሶ የሒሳብ መንገዱን ነቀፈ። ሬይኖልድስ ለስቶክስ በጻፈው ደብዳቤ ቅሬታውን ገለጸ። ማክስዌል በዚያው ዓመት ስለ ሞተ ክርክሩ ሳይቋጭ ቀረ። በሳይንሳዊ ፍሬ ነገሩ ላይ ለማክስዌል የሚያደሉ ብዙዎች ናቸው፤ በሥነ ምግባሩ ላይ ግን የሬይኖልድስ ቅሬታ ተገቢ ነበር።

በ1877 የሮያል ሶሳይቲ አባል፣ በ1888 ደግሞ የሮያል ሜዳልያ ተሸላሚ ሆነ። በ1897 ከሞርቢ ጋር በመሆን፣ ውኃን ከበረዶ ነጥብ እስከ ፍል ነጥብ ለማሞቅ የሚያስፈልገውን መካኒካዊ ሥራ በኮሌጁ የእንፋሎት ሞተር ለክቶ አወጣ፤ የማንችስተሩን የጁልን ሥራ በመሐንዲስ መጠን የደገመ ልኬት ነው። የመጨረሻ ትልቅ ሥራው ግን አልሰመረም። በ1903 የታተመው መጽሐፉ ጠፈርን የሞሉ እጅግ ደቃቅ ቅንጣቶችን በመገመት መላውን ተፈጥሮ በመካኒክስ ለማብራራት የሞከረ ነው፤ ተከታይ አላገኘም። ጤናው ታውኮ በ1905 ጡረታ ወጣ፤ በ1912 በሶመርሴት፣ ዋቸት በተባለች የባሕር ዳር ከተማ ዐረፈ።

ቁጥሩ በስሙ የተጠራው ከጡረታው በኋላ ነው፤ በ1908 በሮም በተደረገው የሒሳብ ሊቃውንት ጉባኤ ላይ ጀርመናዊው ዞመርፌልድ ስያሜውን ሰጠው። በ1895 የተገኘው ተጨማሪ ጫና ግን እስካሁን ሳይፈታ የቆየ ችግር አውርሷል፦ አማካይ ሲወሰድ ከእኩልታዎቹ ብዛት የማይታወቁት ብዛት ይበልጣል። ክፍተቱን ለመድፈን ፕራንትል በ1925 የቅልቅል ርዝመት ሐሳብን አቀረበ፤ በ1970ዎቹም ላውንደርና ስፖልዲንግ በሁለት ተጨማሪ እኩልታዎች የሚሠራውን ሞዴል አስፋፉ። ሁሉም ግምቶች ናቸው፤ አንዳንዶቹ ጥሩ ግምቶች።

የታችኛው ቁጥር ጉዳይም ከ128 ዓመታት በኋላ ተመልሶ መጣ። ሬይኖልድስ በወሳኙ ነጥብ አካባቢ ሁከቱ ቱቦውን በሙሉ ሳይሞላ እንደ ብልጭታ ተቆራርጦ እንደሚያልፍ ጽፎ ነበር። በ2011 በሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት እነዚህን የሁከት ቁርጥራጮች ተከታተለ። እያንዳንዱ ቁርጥራጭ ሁለት ዕጣ አለው፦ ይከስማል ወይም ለሁለት ይከፈላል። ቁጥሩ ሲያንስ መክሰም ይቀድማል፤ ሲበዛ መከፈል ይቀድማል። ሁለቱ የሚመጣጠኑበትና ሁከት ራሱን ማኖር የሚጀምርበት ዋጋ 2,040 ገደማ ሆኖ ተገኘ፤ በእርሳስ ቧንቧና በግፊት መለኪያ ከተገኘው ብዙም አይርቅም።

የመስታወት ገንዳው ዛሬም ማንችስተር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አለ። ከመቶ ዓመት ገደማ በኋላ የቀለም ሙከራው በዚያው መሣሪያ ተደግሞ ፎቶግራፍ ሲነሣ፣ ክሩ ሬይኖልድስ ካገኘው 13,000 በታች ባለ ቁጥር ተበተነ። የተሰጠው ምክንያት በከተማዋ ጎዳናዎች የሚያልፉት ተሽከርካሪዎች የሚፈጥሩት መንቀጥቀጥ ነው።